ለኦንላይን ጌም ተጫዋቾች የተዘጋጀ የአጭር ርቀት ሩጫ ሥልጠና፦ ሩጫውን ያውቃል፣ ንዴቱን ግን አያውቅም

በኢንተርኔት የሚሰጡ የሩጫ ሥልጠናዎች ብዙ ቢሆኑም፣ አብዛኞቹ የተዘጋጁት ረጅም ርቀት በዝግታ ለሚሮጥ ሰው ነው። እዚህ የምገመግመው አገልግሎት ከእነዚህ በሁለት ነገር ይለያል፤ አንደኛ ከ60 እስከ 200 ሜትር ያለውን ርቀት ብቻ ያሠለጥናል፣ ሁለተኛ ደግሞ ደንበኞች አድርጎ የሚፈልገው ማታ ማታ በኦንላይን የፉክክር ጌም የሚያመሹ፣ በሽንፈት የሚበሳጩና ብስጭታቸውን የሚያስታግሱበት ነገር የሚሹ ሰዎችን ነው። እኔም ከእነዚሁ አንዱ ስለሆንኩ ተመዝግቤ ዕቅዱን እስከ መጨረሻው ተከትዬዋለሁ። የአገልግሎቱን ስም አልጠቅስም፤ የማነሳቸው ጥንካሬዎችም ሆኑ ጉድለቶች በሌሎች ተመሳሳይ አገልግሎቶችም ሊገኙ ስለሚችሉ፣ አንባቢው የቀረበለትን ማንኛውንም ሥልጠና እንዲመዝንባቸው እፈልጋለሁ። ፍርዴን ግን አስቀድሜ ልናገር፦ የሩጫው ክፍል በጥንቃቄና በዕውቀት የተሠራ ነው፤ ንዴትን ስለ መቆጣጠር የሚያስተምረው ክፍል ግን ከመሠረቱ የተሳሳተ ነው።

ተመዝጋቢው የሚያገኘው የ12 ሳምንት ዕቅድ፣ ዕቅዱን ቀን በቀን የሚያሳይ የስልክ መተግበሪያ፣ እንዲሁም የሩጫ ቪዲዮውን ተመልክቶ በጽሑፍ አስተያየት የሚሰጥ አሠልጣኝ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን መም ላይ ይሮጣል፣ ሁለት ቀን የጉልበት ልምምድ ይሠራል፤ በሙሉ ፍጥነት በሚሮጥባቸው ቀናት መካከል ደግሞ ቢያንስ የ48 ሰዓት ልዩነት እንዲኖር መተግበሪያው ያስገድዳል። ለአጭር ርቀት አዲስ የሆነን ሰው መጀመሪያ የሚገርመው የሚሮጠው ርቀት ማነሱ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከ10 እስከ 30 ሜትር በሚሆኑ አጫጭር ሩጫዎች የተሞሉ ሲሆኑ፣ በአንድ ቀን በሙሉ ፍጥነት የሚሮጠው ሁሉ ተደምሮ ከ300 ሜትር ብዙም አያልፍም። በላብ ካልተዘፈቀ የሠራ የማይመስለው ሰው ገንዘቡን በከንቱ ያወጣ ይመስለዋል። ነገር ግን ፍጥነት የሚገነባው ጡንቻውም ሆነ የነርቭ ሥርዓቱ ሳይዝል በሚሠራ ጥቂት ሥራ ነው፤ ዝሎ የሚሮጥ ሰው የሚለማመደው ድካምን መቋቋም እንጂ መፍጠንን አይደለም።

ከመተግበሪያው ሁሉ አብልጬ ያደነቅሁት የዕረፍት ሰዓቱን ነው። አንድ ሩጫ እንዳለቀ ሰዓቱ ወደ ኋላ መቁጠር ይጀምራል፣ ቆጠራው እስኪያልቅም ድረስ የቀጣዩን ሩጫ ማስጀመሪያ ቁልፍ ይቆልፈዋል። የዕረፍቱ ልክ በአጭር ርቀት አሠልጣኞች ዘንድ የተለመደው ነው፤ ለእያንዳንዱ 10 ሜትር አንድ ደቂቃ ያህል፣ ማለትም ለ30 ሜትር 3 ደቂቃ፣ ለ60 ሜትር 6 ደቂቃ። የዚህ ሁሉ ዕረፍት ምክንያት ያለው ጡንቻው ውስጥ ነው። በሙሉ ኃይል ስንሮጥ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ሴኮንዶች የሚሸፍነው በጡንቻ ውስጥ የተከማቸው፣ ፈጣን ጉልበት የሚሰጠው ክሬቲን ፎስፌት የተባለ ውህድ ሲሆን፣ ይህ ክምችት 10 ሴኮንድ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ በእጅጉ ይቀንሳል፤ ተመልሶ እስኪሞላ ግን ደቂቃዎችን ይፈልጋል። ትንፋሽ ከተመለሰ በኋላም ክምችቱ ገና ያልሞላ ሊሆን ስለሚችል፣ «አሁን ደህና ነኝ» የሚለው ስሜት እዚህ ላይ የሚታመን መለኪያ አይደለም። ቁልፉ መቆለፉ ተገቢ የሚሆነውም ስለዚህ ነው።

ለጌም ተጫዋች ይህ ቁልፍ ከዚህ ያለፈ ጥቅም አለው። የፉክክር ጌም ለተሸነፈ ሰው መጀመሪያ የሚያቀርብለት ሌላ ጨዋታ ነው፤ የውጤት ሰንጠረዡ ገና ከስክሪኑ ሳይጠፋ «እንደገና ተጫወት» የሚለው ቁልፍ እያበራ ይጠብቀዋል። የተናደደው ተጫዋች ቁልፉን ይጫናል፣ የባለፈውን ጨዋታ ንዴት ይዞ ወደ ቀጣዩ ይገባል፣ መጠበቅ ባለበት ቦታ ይቸኩላል፣ ከዚያም ተሸንፎ ጓደኞቹን መውቀስ ይጀምራል። መም ላይም ይኸው ጠባይ ሌላ መልክ ይዞ ይመጣል፤ ሩጫው ያልተሳካለት ሰው ሰዓቱን ወዲያው ለማሻሻል ዕረፍቱን ቆርጦ ይነሣል፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይብሳል፣ በሦስተኛው ጡንቻው ይሸመቀቃል። አገልግሎቱ ለዚህ አንድ ተጨማሪ ሕግ አስቀምጧል፦ የአንድ ሩጫ ሰዓት ከዕለቱ ምርጥ ሰዓት ከ3 በመቶ በላይ ከዘገየ የዕለቱ ልምምድ ያበቃል። ለምሳሌ 30 ሜትሩን በ4.50 ሴኮንድ የሮጠ ሰው ከ4.63 በላይ ሲያስመዘግብ መተግበሪያው ዕለቱን ይዘጋዋል፤ ይግባኝ የለም። ይህን ሕግ ወደ ጌሙም ወስጄ፣ ተከታትሎ ሁለት ጊዜ መሸነፍን የምሽቱ መዝጊያ አድርጌዋለሁ፤ ጌሙን ያመረቱት ሰዎች እንዲህ ያለ ቁልፍ ይሠሩልናል ብዬ አልጠብቅምና።

ስለ ሽንፈት ከተነሣ፣ በዕቅዱ መግቢያ ላይ ያለው ማብራሪያ ለብዙ ተጫዋቾች ከሩጫው እኩል የሚጠቅም ነው። የኦንላይን ጌሞች ተጋጣሚዎችን የሚያገናኙባቸው ስሌቶች አብዛኞቹ መነሻቸው የፊዚክስ ምሁርና የቼዝ ተጫዋች የነበረው አርፓድ ኤሎ ለቼዝ ያዘጋጀው የደረጃ አሰጣጥ ዘዴ ነው፤ ዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1970 ተቀብሎታል። ዘዴው ያሸነፈውን ከፍ፣ የተሸነፈውን ዝቅ እያደረገ ሰውን ከእኩያው ጋር ያገጣጥማል። እንግዲህ ስሌቱ ሥራውን በትክክል ከሠራ፣ ማንኛውም ተጫዋች የቱንም ያህል ቢሻሻል ከጨዋታዎቹ ግማሽ ያህሉን መሸነፉ አይቀርም፤ ችሎታው ሲያድግ ተጋጣሚውም አብሮ ያድጋልና። ይህን ያልተረዳ ሰው እያንዳንዱን ሽንፈት እንደ በደል ይቆጥረዋል። የሩጫ ሰዓት ግን ተጋጣሚ አይመርጥም፤ የዛሬ ሦስት ወር የተመዘገበው 30 ሜትር ዛሬም ያው 30 ሜትር ነው። አገልግሎቱ ይህን ልዩነት አጉልቶ ማሳየቱ መልካም ነው፤ ለውጡ በመቶኛ ሴኮንዶች የሚለካና በወራት የሚመጣ መሆኑንም ሳይደብቅ ይናገራል።

የቪዲዮ ግምገማው ክፍያው የሚገባው ክፍል ነው። ስልኩን ከጎን በኩል በወገብ ቁመት አቁሞ፣ ቀስ ብሎ በሚያሳየው የቀረጻ ዘዴ መቅረጽ ይበቃል፤ አሠልጣኙም በማግሥቱ የቆሙ ምስሎችን መርጦ መስመር እያሰመረባቸው ይመልሳቸዋል። በአንዱ መልስ ላይ ሁለት ምስሎችን ጎን ለጎን አስቀምጦልኝ ነበር። ሁለቱም የተወሰዱት በተመሳሳይ ርቀት፣ አንደኛው በጠዋት ልምምድ፣ ሁለተኛው ከረጅም የጌም ሰዓት በኋላ በተሠራ የማታ ልምምድ ነው። በጠዋቱ ምስል ጉንጬ ላላ ብሎ ይታያል፣ ጣቶቼም በግማሽ የተከፈቱ ናቸው፤ በማታው ግን ትከሻዬ ወደ ጆሮዬ ተጠግቷል፣ የአንገቴ ጅማቶች ተገትረዋል፣ ቡጢዬ ተጨብጧል። ከሥሩ የጻፈው አጭር ነበር፦ «ትከሻህን አውርድ፣ መንጋጋህን ልቀቅ፤ በጥርስ አይሮጥም።» ከዚያ በኋላ የላካቸው ረጃጅም ማብራሪያዎች ሁሉ የዚህች ዓረፍተ ነገር ማስፋፊያ ሊባሉ ይችላሉ።

ማብራሪያዎቹ ራሳቸው ለማንኛውም ጀማሪ የሚሆኑ ናቸው። በመነሻው ላይ ሰውነት ከራስ እስከ ተረከዝ አንድ መስመር ሠርቶ ወደ ፊት ያዘነብላል፤ እግር መሬቱን የሚገፋው ወደ ታችና ወደ ኋላ ነው፣ ዓይንም የመጨረሻውን መስመር አይፈልግም። ብዙ ሰው በሦስተኛው ወይም በአራተኛው እርምጃ ላይ ብድግ ብሎ ቀጥ ይላል፣ በዚህም ግፊቱን ያባክነዋል፤ ቀና ማለት በየእርምጃው ጥቂት በጥቂት የሚመጣ ነገር ነው። ሙሉ ፍጥነት ላይ ሲደረስ ወገብ ከፍ ይላል፣ እግርም ከሰውነት በታች እንጂ ከፊት ርቆ አያርፍም። እርምጃን ለማስረዘም ሲባል እግርን ወደ ፊት መወርወር ፍሬን እንደ መያዝ ነው፤ ከማዘግየቱም በላይ የጭን የኋላ ጡንቻን ለጉዳት ያጋልጣል። ክንድ የሚወዛወዘው ከትከሻ ነው፤ ደረትን አቋርጦ ግራና ቀኝ መሄድ የለበትም።

ከሁሉ በላይ የተብራራው ግን የመጨረሻዎቹ ሜትሮች ጉዳይ ነው። ዩሴይን ቦልት እ.ኤ.አ. በ2009 በርሊን ላይ 100 ሜትርን በ9.58 ሴኮንድ ሲሮጥ ከፍተኛ ፍጥነቱ በሰዓት ከ44 ኪሎ ሜትር በላይ የደረሰው ከ60 እስከ 80 ሜትር ባለው ክፍል ነበር፤ ከዚያ በኋላ እርሱም ቢሆን ቀንሷል። መጨረሻው ላይ የሚፈጥን የሚመስለን ሯጭ ከሌሎቹ ያነሰ የሚዘገይ ነው። ስለዚህ ሲቀደም የሚብሰው፣ ጥርሱን ነክሶ የሚታገለው ሯጭ፣ በትግሉ የሚያተርፈው እርስ በርስ የሚቃወሙ ጡንቻዎችን አብሮ ማወጣጠርና ፈጥኖ መዘግየት ብቻ ነው። አሠልጣኙ ለዚህ የሚያዘው 20 ሜትር ያህል ፍጥነትን እየገነቡ መጥተው ቀጣዩን 20 ሜትር በላላ ፊት ማለፍን ነው። ቀላል ይመስላል፤ ለተናደደ ሰው ግን ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው።

ወደ ድክመቶቹ ስገባ መጀመሪያ የማነሳው የመልስ ፍጥነት ፈተናውን ነው። አገልግሎቱ ለጌም ተጫዋቾች ሲያስተዋውቅ በጌም የተሳለ ፈጣን ምላሽ በሩጫ መነሻ ላይ ትልቅ ብልጫ ይሰጣል ይላል፤ ስለዚህም በስልኩ ስክሪን ላይ ብርሃን ሲበራ መንካትን በየሳምንቱ ያስለካል። ሐሳቡ ደስ ይላል፣ ፍሬው ግን ትንሽ ነው። በመጀመሪያ ደረጃ ሯጭ የሚነሣው በድምፅ ነው፤ የሰው ልጅ ለድምፅ የሚሰጠው ምላሽ ለብርሃን ከሚሰጠው ይፈጥናል፣ ጣትን ማንቀሳቀስም መላ ሰውነትን ከመነሻው ከማስወንጨፍ ጋር አይነጻጸርም። ሁለተኛ፣ ከተኩሱ በኋላ 0.1 ሴኮንድ ሳይሞላ የተንቀሳቀሰ ሯጭ ያለ አግባብ እንደ ተነሣ ስለሚቆጠር ለመፍጠን ያለው ወሰን ጠባብ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በአንድ እንዲህ ያለ ስሕተት ከውድድር መሰረዝ ስለ መጣ፣ ቦልት ራሱ በ2011 በደቡብ ኮሪያ ዴጉ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና የ100 ሜትር ፍጻሜ ላይ ተሰርዟል። ሦስተኛውና አሳማኙ ማስረጃ የ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ የወንዶች 100 ሜትር ፍጻሜ ነው። አሜሪካዊው ኖኣ ላይልስ ከተኩሱ በኋላ ለመነሣት 0.178 ሴኮንድ ወስዶበት ነበር፤ በዚያ ፍጻሜ ከነበሩት መካከል ከዘገምተኞቹ ተርታ የሚመደብ ቢሆንም ጃማይካዊውን ኪሻኔ ቶምሰንን በ5 ሺሕኛ ሴኮንድ ቀድሞ አሸንፏል። በዚህ ላይ መተግበሪያው የተኩሱን ድምፅ በገመድ አልባ ማዳመጫ ሲያሰማ የሚፈጠረውን መዘግየት ከሚመዘግበው ሰዓት ላይ አይቀንስም። ስለ ፒንግ (በተጫዋቹና በጌሙ ሰርቨር መካከል መልእክት ለመመላለስ ስለሚወስደው ጊዜ) ጥቂት ሚሊሴኮንዶች ሲጨቃጨቁ የሚያድሩ ደንበኞች ይህን ሳያስተውሉ ያልፋሉ ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው።

ሁለተኛው ድክመት ግን የዋህነት ብቻ አይደለም፣ ጉዳትም አለው። በመተግበሪያው ፊት ገጽ ላይ «ተናድጃለሁ» የሚል ቀይ ቁልፍ አለ። ተጫዋቹ ተሸንፎ ሲጫነው ወዲያው ወጥቶ ስድስት ጊዜ 40 ሜትር «ንዴትህ እስኪወጣ» እንዲሮጥ ያዘዋል። ማሟሟቂያ የለውም፣ ያ የተመሰገነው የዕረፍት ሰዓትም እዚህ ላይ አይሠራም። ንዴት እንደ እንፋሎት ታፍኖ የሚቀመጥ፣ በኃይለኛ እንቅስቃሴ የሚተነፍስ ነገር ነው የሚለው እምነት በሰፊው የተሰራጨ ቢሆንም ምርምር አይደግፈውም። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ፣ 154 ጥናቶችንና ከ10 ሺሕ በላይ ተሳታፊዎችን አንድ ላይ የመረመረ ትንታኔ እንዳሳየው፣ የልብ ምትን የሚያፈጥኑ እንቅስቃሴዎች በጥቅሉ ንዴትን አልቀነሱም፤ ሶምሶማ ሩጫ እንዲያውም የሚያባብስ ሆኖ ተገኝቷል። የቀነሱት በዝግታ መተንፈስ፣ ጡንቻን በየተራ ማላላትና እነዚህን የመሰሉ ሰውነትን የሚያረጋጉ ነገሮች ናቸው። ምክንያቱም ለመረዳት አይከብድም፦ ልቡ የሚመታ፣ ትንፋሹ የተቆራረጠ፣ አእምሮው ደግሞ ያንኑ ጨዋታ የሚያመላልስ ሰው ንዴቱን የሚያቆይበትን የሰውነት ሁኔታ በገዛ እጁ እየፈጠረ ነው።

ከአካል በኩልም ትእዛዙ አደገኛ ነው። ለሰዓታት ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው የዳሌው የፊት ጡንቻዎች ተኮማትረው፣ የጭኑ የኋላ ጡንቻዎች ቀዝቅዘው ይቆያሉ። በሙሉ ፍጥነት ሩጫ ላይ የጭን የኋላ ጡንቻ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው እግር ወደ ፊት ተወንጭፎ መሬት ሊነካ ሲል፣ ጡንቻው እየተለጠጠ ሳለ እግሩን ለመግታት በሚሠራበት ቅጽበት ነው። ያልተሟሟቀን ጡንቻ ለዚህ መዳረግ፣ ያውም በንዴት ተወጣጥሮ፣ ሳምንታት የሚያስተኛ ጉዳት መጋበዝ ነው። ስለዚሁ ጉዳይ ለአሠልጣኙ ጽፌ ነበር፤ የመለሰልኝም «ያን ቁልፍ አትንካው፣ የእኔ ሐሳብ አይደለም፤ ተናድደህ ከሆነ በእግርህ ዞር ዞር በል፣ ትንፋሽህን አረጋጋ፣ ነገ ጠዋት እንሮጣለን» የሚል ነበር። አሠልጣኙ የሚከለክለውን ነገር በፊት ገጹ ላይ በቀይ ቀለም የሚያቀርብ አገልግሎት ማንን እያዳመጠ እንደሚሠራ ግልጽ አይደለም። ቁልፉ የተቀመጠው ለማስታወቂያ ስለሚያምር ይመስለኛል።

ይህ ማለት ሩጫና ጌም አይረዳዱም ማለት አይደለም፤ ዋናው ቅደም ተከተሉ ነው። ከጌም በፊት የተሠራ የፍጥነት ልምምድ ሰውነቱን አፍታትቶ፣ አእምሮውን ጠርጎ፣ ተጫዋቹን ረጋ ባለ መንፈስ ወንበሩ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ከጌም በኋላ የሚሠራው ግን የተረፈውን ድካምና ቁጣ ይወርሳል። አገልግሎቱ ልምምዱ በስንት ሰዓት ቢሠራ እንደሚሻል አንድም ቦታ አይናገርም። ስለ እንቅልፍም ያለው ሁለት መስመር ብቻ ነው፣ ይህም ለእነዚህ ደንበኞች የማይገባ ቸልታ ነው። አዋቂ ሰው ቢያንስ ሰባት ሰዓት መተኛት እንዳለበት፣ ቡና ወይም የኃይል መጠጥ ከተወሰደ ከአምስት ሰዓት ገደማ በኋላም ከካፌኑ ግማሽ ያህሉ በሰውነት ውስጥ እንደሚቆይ መንገር ከባድ ሥራ አልነበረም። እኩለ ሌሊት ድረስ ደረጃውን ለማስመለስ የታገለ ሰው በማግሥቱ የሚያስመዘግበውን ሰዓት አይቶ ዕቅዱን ሊወቅስ ይችላል።

የጉልበት ልምምዶቹ አጭርና ተገቢ ናቸው። በጉልበት ተንበርክኮ፣ ቁርጭምጭሚት ተይዞ፣ ሰውነትን ቀስ እያሉ ወደ ፊት የማውረዱ ልምምድ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ አለ፤ የጭን የኋላ ጡንቻን ከጉዳት በመጠበቅ ረገድ የታወቀ ስለሆነ መካተቱ ትክክል ነው። በመደበኛ ቀናት የሚታዘዘው ማሟሟቂያም ከቀላል ሶምሶማ ተነሥቶ፣ እግር በማወዛወዝና ጉልበት ከፍ በማድረግ አልፎ፣ ቀስ በቀስ በሚፈጥኑ ሩጫዎች የሚያልቅ ሙሉ ሥርዓት ነው። ክፍያውን ማቋረጥ ቀላል ነው፣ ለጥያቄ መልስ ለማግኘትም ብዙ አያስጠብቁም።

መም በአቅራቢያው ያለው፣ ትዕግሥት ያልጨረሰና አስተያየት መቀበል የሚችል ሰው ከቪዲዮ ግምገማውና ከዕረፍት ሥርዓቱ ብዙ ይጠቀማል። ንዴቱን ለማስወጣት ብቻ የሚመዘገብ ሰው ግን ገንዘቡን ቢቆጥብ ይሻለዋል። አስቀድሞ የጭን የኋላ ጡንቻ ጉዳት የነበረበት ሰው ከመጀመሩ በፊት ባለሙያ ያማክር፤ አገልግሎቱ በምዝገባ ጊዜ ስለ ቀድሞ ጉዳት የሚያቀርበው ጥያቄ አንድ ብቻ ሲሆን፣ መልሱም «አዎ» ወይም «አይ» ከማለት አያልፍም። እኔ ለሁለተኛው የ12 ሳምንት ዕቅድ ክፍያዬን አድሻለሁ። ቀዩን ቁልፍ ከፊት ገጽ የሚደብቅ ምርጫ በመተግበሪያው ቅንብሮች ውስጥ «ማሳያ» ከሚለው ሥር ስላለ፣ አዲስ ተመዝጋቢ ከመጀመሪያው ልምምድ በፊት ገብቶ ቢያጠፋው እመክራለሁ።